አንጓችና ያልጠገበው ቢላ

በገደሉ አፋፍ ላይ የቆመው ዋርካ ገና በወፍ ምንቃር ውስጥ ፍሬ ሳለ፣ ወንዙም ዛሬ በሚሄድበት መሄድ ሳይጀምር፣ ቁልቋል በር በምትባል መንደር አንዲት ሴት ነበረች። ስሟ አንጓች ነበር። የቀጥቃጭ ሚስት ነበረች። ርስት አልነበራትም፤ ልጅ አልነበራትም፤ በማኅበር ላይ ስሟ አይጠራም ነበር። ዛሬ የዚያን ዘመን ባለርስቶች ስም የሚያውቅ የለም። የእሷን ስም የማያውቅ ልጅ ግን በቁልቋል በር አይገኝም። ይህ ለምን እንደ ሆነ ቀና ብላችሁ ተቀመጡና ስሙ። አባቶች በነገሩን መጠን ይነገራል፤ አይጨመርም፣ አይቀነስም።

የአንጓች ባል ቢሰውር ይባል ነበር። ጎጇቸው ከመንደሩ በታች፣ ነፋሱ ጭሱን ወደ ገደል በሚወስድበት ቦታ ለብቻዋ ቆማ ነበር። የመንደሩ ሰው ማረሻውን በቢሰውር ያሠራል፤ ማጭዱን በቢሰውር ያሠራል፤ መጥረቢያውን በቢሰውር ያሠራል። ከቢሰውር ጋር ግን አንድ መሶብ አይቀርብም። በጎጆዋ ደጅ አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበረች። ብረት የሚያሠራ ሰው ብረቱን በዚያች ድንጋይ ላይ ያኖራል፤ የሚፈልገውን ከሩቅ ይናገራል፤ ፊቱን አዙሮ ይሄዳል። ሕፃን ያዘለች ሴት ቢሰውርን በመንገድ ካየች ነጠላዋን በልጇ ፊት ላይ ትጥላለች። ሰው ከታመመ «ቀጥቃጩ አይቶት ነው» ይባላል። ጅብ ከጮኸ «ቢሰውር ወጣ» ይባላል። ቡዳ ነው፣ ሰው ይበላል ይሉት ነበር።

የቢሰውር የግራ እጁ አውራ ጣት እንደ ፍየል ሰኮና የጠነከረና የተሰነጣጠቀ ነበር። የመንደሩ ሰው «ጅብ ሆኖ ሲመለስ ሰው መሆን ያቃታት ጣት ናት» ይል ነበር። የጣቷን ነገር ከባለቤቱ በቀር የምታውቅ አንጓች ብቻ ነበረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቢሰውር ከአባቱ የወረሰው ሥርዓት ነበረው። አባቱ «ብረት ከመሬት ሆድ በእሳት ተገዶ የወጣ ነው፤ ተበድሏል። የበደሉን ካሳ ከሠራው ሰው ካልተቀበለ ካገኘው ሰው ይቀበላል» ብሎ አስተምሮታል። ስለዚህ ቢሰውር የሠራውን ስለት ሁሉ ሦስት ጊዜ ይፈትን ነበር። መጀመሪያ በጎጆው ጉበን ላይ የፍየል ጢም ፀጉር አንጠልጥሎ ይቆርጥበታል። ይህ የስለቱ ፈተና ነው። ቀጥሎ በደረቀ ወይራ ላይ ይመታውና ወደ ፀጉሩ ይመልሰዋል። ይህ የጽናቱ ፈተና ነው። በመጨረሻ የግራ አውራ ጣቱን ይነካበታል። ይህ የካሳው ፈተና ነው። ካሳውን የተቀበለ ብረት ደም አይጠጣም፤ ጠብታዋ በስለቱ ላይ እንደ ጤዛ ቆማ ትቀራለች።

ጠብታዋ መቆሟን የሚፈርደው ግን ቢሰውር አልነበረም። «ሠሪ በሥራው አይፈርድም» ይላል ሥርዓቱ። የሚፈርደው ወናፉን የነፋው ሰው ነው፤ ወናፉን የምትነፋው ደግሞ አንጓች ነበረች። ብረቱ እሳት ከገባ ጀምሮ አንጓች አትናገርም። ፀጉሩ ሲቆረጥ ዝም ትላለች። ወይራው ሲመታ ዝም ትላለች። ጠብታዋ ስትቆም አንዲት ቃል ትናገራለች፤ «ጠገበ» ትላለች። ያን ጊዜ ቢሰውር ጣቱን ከስለቱ ያነሣል። እሷ ሳትል አያነሣም።

በዚህ ሥርዓት ኖሩ። ከዚያች ጎጆ በወጣ ማጭድ እጁን ያጣ አልነበረም፤ ከዚያች ጎጆ በወጣ መጥረቢያ እግሩ የተቆረጠ አልነበረም። ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀም። ሰው የደረሰበትን እንጂ ያልደረሰበትን አይጠይቅም።

በዚያ ዘመን ቁልቋል በርን የሚገዙ ባላምባራስ ጓንጉል ነበሩ። አንገታቸው የማይታጠፍ፣ ቃላቸው የማይመለስ ሰው ነበሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሻሺቱ ሁለት ልጆች ወልደው ሁለቱም ሳያለቅሱ ተቀብረዋል። ወይዘሮ ሻሺቱ ደግመው ሲያረግዙ ባላምባራስ በሸንጎ መካከል ቆሙና ማሉ። «የዚህ ልጅ እትብት በአባቴ ብረት ይቆረጣል፤ የአባቴ ጉልበት ይወርድለታል። ሌላ ብረት ቢነካው የአባቴ አጥንት ይፍረድብኝ» አሉ። ሸንጎው ሰማ። የወጣ መሐላ እንደ ወጣች ነፍስ ነው፤ ወደ ነበረበት አይገባም።

አንድ ቀን ፀሐይ መካከል ላይ ስትቆም ባላምባራስ ወደ ቢሰውር ጎጆ ወረዱ። በድንጋይዋ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ የጦር ብረት አኖሩና ገለጡት።

«የአባቴ ጦር ነው» አሉ። «ከዚህ ትንሽ ቢላ ሥራልኝ። ከመዳፌ አይለፍ። ጀርባው ወፈር ያለ፣ ጫፉ የሾለ፣ ምላጩ እስከ እጀታው ጫፍ አንድ ሆኖ የሚዘልቅ ይሁን። የልጄ እትብት ይቆረጥበታል፤ ሲያድግም ወገቡ ላይ ይታጠቀዋል።»

ቢሰውር እጁን ወደ ኋላ አድርጎ፣ አጎንብሶ ብረቱን አየው። «ጌታዬ፣ ይህ ጦር ስንት ሰው ወግቷል?» አለ።

«አባቴ የሚወጋ እንጂ የሚቆጥር አልነበረም።»

«ለእትብትስ ልማድ የሌለው ብረት ይሻል ነበር፣ ጌታዬ።»

«ብረት ልማድ የለውም። ብረት ያለው ባለቤት ነው» አሉ ባላምባራስ። ፊታቸውንም አዙረው ሄዱ።

ቢሰውር ብረቱን ወደ እሳት አስገባ። አንጓች ወናፉን ያዘች። ዝምታዋ ከዚያ ጀመረ።

ወናፉ ተነፋ፤ ከሰሉ ቀላ፤ ብረቱ ግን አልቀላም። ወናፉ ተነፋ፤ ከሰሉ ነጣ፤ ብረቱ ግን ጥቁር እንደ ነበረ ቆየ። አንጓች ክንዷ እስኪዝል ነፋች። ከዚያ ብረቱ በድንገት ቀላ። ሌላ ብረት ከዳር ጀምሮ ነው የሚቀላ፤ ይህ ግን ከመካከሉ ጀምሮ ቀላ፣ የቀላ ዓይን ሲገለጥ እንደሚታይ። ወደ ገደል ይሄድ የነበረው ጭስም ዞረ። ነፋሱን ተቃውሞ፣ ምድሩን እየዳሰሰ ሽቅብ ወጣ፤ ወደ ባላምባራስ ቤት ወጣ። አንጓች አየች። ዝም አለች።

ቢሰውር ቀጠቀጠው። እንደ ታዘዘው ከመዳፍ የማይበልጥ፣ ጀርባው የወፈረ፣ ጫፉ የሾለ አድርጎ አበጀውና ወደ ውሃ ነከረው። ሌላ ብረት ውሃ ሲገባ ይጮኻል። ይህ አልጮኸም። እንደ ተጠማ ሰው ጉሮሮ ዋጥ፣ ዋጥ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ በገንዳው ውስጥ የነበረው ውሃም ጎደለ። ቢሰውር ገንዳውን አየ፤ ሚስቱን አየ። የጥቁር በሬ ቀንድ አመጣና እጀታ አደረገለት።

በማግሥቱ ፈተናው ጀመረ። በጉበኑ ላይ ፀጉር አንጠለጠለ። ነፋስ ሽው የማይልበት ቀትር ነበር። ቢሰውር ቢላውን ገና ከጉልበቱ ሲያነሣው ፀጉሩ ወደ ቢላው ዘነበለ። እንደሚሳብ ሆኖ ዘነበለና ስለቱ ሳይደርስበት ለሁለት ሆነ። አንጓች አየች። ዝም አለች።

የወይራ ግንድ አመጣ። ከአባቱ ዘመን ጀምሮ በጎጆው ጥግ የደረቀ ግንድ ነበር። ቢሰውር በቢላው መታው። ቢላው በቅቤ ውስጥ እንደሚሄድ ሄደ። ያ ደረቅ ግንድ ከተቆረጠበት ቦታ አለቀሰ፤ ቀይ ውሃ አወረደ። ቢሰውር ስለቱን ወደ ፀጉሩ መለሰው። ወይራ የቆረጠ ስለት ይደክማል፤ ይህ ግን በልቶ የተነሣ ይመስል ከፊተኛው ይልቅ ሰላ። አንጓች አየች። ዝም አለች።

አሁን የካሳው ፈተና ቀረ። ቢሰውር በመቀመጫው ላይ ተደላደለ። የግራ አውራ ጣቱን አወጣ። ወደ ስለቱ ሲያቀርብ በሩ ጨለመ። ባላምባራስ ጓንጉል በደጅ ቆመው ነበር።

«ምን እያደረግህ ነው?» አሉ።

«እየፈተንሁት ነው፣ ጌታዬ። ሁለቱን አልፏል፤ አንዱ ቀርቷል።»

«አንዱ በምንድን ነው?»

ቢሰውር ሊዋሽ ይችል ነበር። መዋሸት አልለመደም። «በደሜ ነው» አለ።

«በቀጥቃጭ ደም? የልጄን ቢላ?»

«መጥገብ አለበት፣ ጌታዬ። ሳይጠግብ ከዚህ በር የወጣ ብረት የለም።»

«የማይጠግብስ አንተ ነህ። ብረት ሆድ የለውም» አሉ ባላምባራስ። በኩታቸው ጫፍ ጠቅልለው ቢላውን ከእጁ ነጠቁት። ቢሰውር እስከ ድንጋይዋ ድረስ በጉልበቱ ተከተላቸው። አልዞሩም። አንጓች አፏን ከፈተች። ቃል አልወጣም። ሥርዓቱ አንዲት ቃል ብቻ ነው የሚፈቅድላት፤ የዚያች ቃል ጊዜ ደግሞ አልደረሰም። ካሳውን ያልተቀበለ ብረት ወደ መንደሩ ወጣ፤ ቃሏም በአፏ ውስጥ ታግታ ቀረች።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን አንጓች የሰማችው በወንዝ ነው። የመንደሩ ሴቶች ከላይ ይቀዳሉ፤ አንጓች እነሱ ከቀዱ በኋላ ከታች ትቀዳለች። ውሃው ወሬውንም አብሮ ያመጣላታል።

«ዛሬም ቢላው አፎቱን ቀዶ ወጣ አሉ» አለች አንዲቱ። «በድርብ የበሬ ቆዳ ሰፍተውለት ነበር እኮ።»

«አፎቱስ ይሁን። ከምሰሶው ላይ ወርዶ ጫፉን መሬት ተክሎ ነው የሚገኘው። ፊቱን ወደ እመቤት አልጋ አዙሮ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ፤ ልክ በቀትር። ያነሣችው ገረድ መዳፏን ቆረጣት። ሄጄ አየሁት፤ ቁስሉ እንደ ተላጠ ቅል ነጭ ነው። ደም የሚባል የለውም።»

«ቀስ በይ፤ ከታች ትሰማሻለች።»

«ትስማ። በዓይኗ ስትበላን ኖራ በጆሮዋ ምን ልትጨምር?»

ሴቶቹ ሳቁ። «ደግሞ ዘንድሮ ሰላምታም አትመልስ» አለች ሦስተኛይቱ።

«አፏ ሞልቶ ነዋ» አለች ያቺ። ሳቁም ደገመ።

እውነትም አፏ ሞልቶ ነበር። አንጓች እንስራዋን አዝላ፣ ራሷን ደፍታ ተመለሰች። እንኳን ለሴቶቹ፣ ለባሏም የምትመልሰው ቃል አልነበራትም። ብረቱ እሳት ከገባ ጀምሮ በዚያች ጎጆ የአንድ ሰው ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማ። ቢሰውር ይናገራል፤ እሷ በአገጯ፣ በእጇ ትመልሳለች። በቀትር ጊዜ ደግሞ ገንዳው ውስጥ ያለው ውሃ ማንም ሳይነካው ዋጥ፣ ዋጥ ይላል። ሁለቱም ይሰሙታል። ስለ እሱ ቢሰውርም አይናገርም።

አንድ ቀን የመንደሩ ሽማግሌ ወደ ድንጋይዋ መጣና ቆመ። ብረት አልያዘም ነበር።

«ቢሰውር» አለ፤ «በብረቱ ገብተህ ልትበላን እንደ ሆነ አውቀናል። የእመቤት ቀን ደርሷል። እመቤት ወይም ልጁ አንድ ነገር ቢሆኑ በዚህች በር ላይ እሾህ እንከምራለን። እሳቱን ከሌላ ቤት አናመጣም፤ ከራስህ ምድጃ እንወስዳለን። ከዚያ በፊት ብትሄዱ ግን የቆላው መንገድ ክፍት ነው።» ይህን ብሎ ሄደ።

አንጓች ወደ ውስጥ ገባች። የወናፉን ቆዳ ጠቀለለች። በጠፍር አሰረችው። ጉጠቱን፣ መዶሻውን በአገልግል ከተተች። ቢሰውር በበሩ ተደግፎ ያያታል።

«ወዴት ነው?» አለ።

በአገጯ የቆላውን መንገድ አሳየችው።

«ጅብ ነው ሲሉኝ ኖሩ። አሁን በጓሮ ሹልክ ብዬ ብወጣ እውነት ላደርግላቸው ነው?» አለና ፈገግ አለ። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። «አንጓች፣ ሁለቱን ፈትኛለሁ፤ አንዱ ይጠብቀኛል። የሚጠብቀው እኔን ነበር። እኔን ቢያጣ ያን ሕፃን ይጠብቃል። አንቺስ ያቺን ቃል ዕድሜሽን ሙሉ በአፍሽ ይዘሽ ልትኖሪ ነው?»

አንጓች ወደ ወናፉ ተመለሰች። ጠፍሩን ፈታች።

ቀኑ ደረሰ። ወይዘሮ ሻሺቱን ጧት የጀመራቸው ምጥ ቀትር ላይ ጠና። በቁልቋል በር ቀትር የሚፈራ ሰዓት ነው። ጥላ በሰው እግር ሥር የሚሸሸግበት፣ ወፍ የማይጮኽበት፣ ከዛፍ ሥር የተኛ ሰው ሌላ ሆኖ የሚነሣበት ሰዓት ነው። ቢሰውርና አንጓች ማንም ሳይጠራቸው ወደ መንደሩ ወጡ። በባላምባራስ አጥር በር ቆሙ። ውሾቹ አዩአቸው፤ አልጮኹም። በግቢው የተሰበሰበው ሰው ግራና ቀኝ ሸሸላቸው። ከሰዎቹ አንዳንዱ የእሾህ ሸክም ከአጠገቡ አኑሮ ነበር።

አዋላጇ እማማ ደብሪቱ በበሩ ብቅ አሉ። ቢላውን ከአካላቸው አርቀው ይዘውት ነበር።

«ልጁ ወጥቷል» አሉ። «አላለቀሰም፤ እየጠቆረ ነው። ይህን ነገር ግን እኔ አልይዘውም። ወደ እትብቱ ሳቀርበው ወደ ሆዱ ይዞራል። ሌላ ቢላ አምጡልኝ፣ ባላምባራስ።»

«ምያለሁ» አሉ ባላምባራስ።

«እንግዲያው ከመሐላዎና ከልጅዎ አንዱን ይቅበሩ። ሁለቱን ማሳደግ አይችሉም።»

ባላምባራስ አንገታቸውን እንዳቀኑ ቆሙ። ሰው ሁሉ ያያቸዋል። ፊታቸው ላይ ላብ ወረደ። ከዚያ እርምጃቸውን አነሡ፤ ወደ ቤት ሳይሆን ወደ አጥሩ በር ሄዱ። በቢሰውር ፊት ቆሙ።

«ያ የቀረው ፈተና» አሉ፤ «አሁንም ይሆናል?»

«ይሆናል፣ ጌታዬ። ግን ብዙ ጾሟል።»

«ግባ» አሉ ባላምባራስ።

ቢሰውር በቁልቋል በር የሰው ደፍ ሲሻገር ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነበር። አንጓች ከደፉ ላይ ቆመች፤ ከዚያ ሁሉን ታያለች። ወይዘሮ ሻሺቱ ዓይናቸውን ጨፍነው ተኝተዋል። ሕፃኑ በቁርበት ላይ ነው፤ እትብቱ አልተቆረጠም።

ቢሰውር ቢላውን ከእማማ ደብሪቱ ተቀበለ። የግራ አውራ ጣቱን በስለቱ ነካ። ደም ወጣ፤ ስለቱ ላይ ወረደ፤ ጠፋ። ስለቱ ደረቅ ነበር። ወደ አንጓች አየ። አንጓች ዝም አለች።

መዳፉን በስለቱ አስነካ። ደም ወጣ፤ ስለቱ ላይ ወረደ፤ ጠፋ። ስለቱ ደረቅ ነበር። ወደ አንጓች አየ። አንጓች ዝም አለች።

ያን ጊዜ ቢሰውር ከብረቱ ጋር ተነጋገረ፤ ከቤት እንስሳ ጋር እንደሚነጋገር ሰው ዝግ ብሎ። «ብዙ አስለምደውሃል። የእኔን ካሳ ብቻ አይደለም የምትጠይቀው፤ የተወጉትንም ሁሉ ነው የምትጠይቀው። ይሁን፤ ከእኔ ውሰድ» አለው። ስለቱንም በሙሉ እጁ ጨበጠው።

ቤቱ ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ዋጥ፣ ዋጥ የሚል ድምፅ ተሰማ። አንጓች ድምፁን ታውቀዋለች። የባሏ ክንድ መጀመሪያ ነጣ። ቀጥሎ አንገቱ ነጣ። እሳት ያጠቆረው ፊቱ እንደ አመድ ሆነ። ዓይኑን ከእሷ ላይ አልነቀለም። ከጨበጠው እጁ ወደ መሬት አንዲት ጠብታ እንኳ አልወደቀችም።

ቃሏ በምላሷ ጫፍ ላይ ነበረች። ብትላት ቢሰውር እጁን ይከፍታል፤ ሥርዓቱ ነው፣ ይታዘዛታል፤ በሕይወትም ወደ ጎጇቸው ይመለሳሉ። ብረቱ ግን የጎደለውን ከሌላ ይሞላል፤ ከማን እንደሚሞላም ታውቃለች። ያ ሕፃን የማን ነበር? ባሏን ሲያዩ በልጃቸው ፊት ላይ ነጠላ ሲጥሉ የኖሩ ሰዎች ልጅ ነበር። እሾህ ተሸክመው በግቢው የቆሙ ሰዎች ልጅ ነበር። እሷ የወለደችው አልነበረም። አንጓች ወደ ቁርበቱ አየች። ሕፃኑ ጠቁሮ፣ አውራ ጣቱን በትንሿ መዳፉ ውስጥ ደብቆ ተኝቷል። እንደ ሰው ሁሉ ገና ሲወለድ ጣቱን ደብቆ ነበር።

አንጓች አየች። ዝም አለች።

ቢሰውር ስለቱን እንደ ጨበጠ ከምሰሶው ሥር ተንበረከከ። የብረቱ ድምፅ ቀነሰ። ቆመ። ቢሰውር ጣቶቹን አንድ በአንድ ከስለቱ አላቀቀ። በስለቱ ላይ አንዲት የደም ጠብታ ቆማ ነበር። ተንቀጠቀጠች፤ አልሰመጠችም። እንደ ጤዛ ቆመች።

«ጠገበ» አለች አንጓች።

ድምፅዋ ከርሞ እንደ ተከፈተ በር ነበር።

ቢሰውር ቢላውን አዞረው። ስለቱን ወደ ራሱ መዳፍ፣ እጀታውን ወደ እማማ ደብሪቱ አድርጎ ዘረጋው። «እንኩ፣ እማማ» አለ። እማማ ደብሪቱ ያዙት። እንደ ማንኛውም ቢላ ቀላል ነበር። እትብቱን ቆረጡ። ሕፃኑ አለቀሰ።

የባላምባራስ አንገት ያን ጊዜ ታጠፈ። በሚጠጡበት ዋንጫ ውሃ ቀድተው፣ በእጃቸው ይዘው ለቢሰውር አጠጡት። ጠጣ። «ሥራዬ አለቀ» አለ። ተነሣ። በሚስቱ ትከሻ ተደግፎ በሰዎቹ መካከል አልፎ ወጣ። ቁልቁል ሲወርዱ ያዩአቸው ሰዎች ቢሰውር ጥላ አልነበረውም ይላሉ። ቀትር ስለ ሆነ ነው የሚሉም አሉ። ከጎኑ የምትሄደው አንጓች ግን ጥላ ነበራት፤ አጭርም ቢሆን ነበራት።

በማግሥቱ ባላምባራስ ሰዎቻቸውን አስከትለው ወደ ጎጆዋ ወረዱ። ከሩቅ የወናፍ ድምፅ ሰሙ። ቢሰውር ሥራ ላይ ነው ብለው ተደሰቱ። በድንጋይዋ አጠገብ ሲደርሱ አልቆሙም፤ አለፉ፤ ከጉበኑ ሥር አጎንብሰው ገቡ። ቢሰውር በመቀመጫው ላይ ነበር። እንደ አመድ ነጥቶ፣ እጆቹን በጉልበቱ ላይ አኑሮ፣ ደርቋል። አንጓች ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ወናፉን ትነፋለች። በምድጃው ውስጥ እሳት አልነበረም። አመዱ ብቻ ይነሣል፤ ይወርዳል።

«ይቅር በይኝ» አሉ ባላምባራስ።

አንጓች ወናፉን አልተወችም። «ሞትን ቀምሶልሃል» አለች። ባላምባራስ ጓንጉልን «አንተ» ያላቸው ሰው ከእናታቸው ወዲህ አልነበረም። የገሠጻት የለም።

ቢሰውር በባላምባራስ አባቶች መካነ መቃብር ተቀበረ። የእሾሁ ሸክም ሁሉ የመቃብሩ አጥር ሆነ። ለልጁ ስም እንድታወጣ አንጓችን ለመኗት። «ካሳ» አለችው። ካሳ አደገ፤ ቢላውን ታጠቀ፤ በዚያ ቢላ ሰው አልተጎዳም። በስለቱ ላይ ግን የአውራ ጣት የምታክል ጥቁር ምልክት ነበረች፤ በየትኛውም መሳያ ድንጋይ ብትሳል አትለቅም ነበር። አንጓች እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ የመንደሩ ሰው አዲስ ስለት ሁሉ ወደ እሷ ያመጣ ነበር። አይታ «ጠገበ» ካላለች ወደ ቤቱ አያስገባም። በመሶብ ዙሪያም ቦታዋ ከእማማ ደብሪቱ አጠገብ ሆነ።

እነሆ፣ በቁልቋል በር እስከ ዛሬ ቀጥቃጭ ቢላ ሲያስረክብ አውራ ጣቱን በስለቱ ይነካል። ጠብታዋን አይታ «ጠገበ» የምትለው የቤቱ ሴት ናት፤ ወንድ አይልም፤ ሠሪው አይልም። ሰው ሥራውን ሳይጨርስ «አለቀ» ቢል፣ ዳኛም ሳይመረምር ሊፈርድ ቢቸኩል፣ ሽማግሌዎች አንድ ነገር ይሉታል፤ «አንጓች አላለችም» ይሉታል። ያም ሰው ተመልሶ ይቀመጣል።

ቢላ ስታቀብሉም ስለቱን ወደ ራሳችሁ፣ እጀታውን ወደ ተቀባዩ አድርጉ። ይህ ነገር ለእኛ የተሰጠን እንዲሁ ነው፤ የሰጡን ሰዎች ስለቱን በራሳቸው መዳፍ ይዘው እጀታውን ዘረጉልን። እነሆ እጀታው። እናንተም ለልጆቻችሁ ስታቀብሉ አታዙሩት።